አይዲ ወይስ ክላስ? በድረ ገጽ ሥራ ውስጥ ስለ መታወቂያና ስለ ምድብ

በአንድ የትምህርት ዘመን መግቢያ ላይ ጥቂት ጓደኛሞች ሆነን ለአንድ የትምህርት ክፍል በኢንተርኔት የሚሞላ የመመዝገቢያ ቅጽ ሠርተን ነበር። ቅጹ በሁለት የተከፈለ ነው። የላይኛው ክፍል የተማሪውን ስምና ስልክ ቁጥር ሲጠይቅ፣ የታችኛው ደግሞ አንዳች ነገር ቢያጋጥም የሚጠራውን ሰው ስምና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። የታችኛውን ለመሥራት የተለየ ድካም አላስፈለገንም፤ የላይኛውን እንዳለ ቀድተን ለጠፍነውና የሣጥኖቹን መጠሪያ ብቻ ለወጥን። ቀለሙም፣ የሣጥኖቹ ስፋትም፣ የፊደሉ መጠንም ልክ እንደ ላይኛው ሆኖ ስላገኘነው ሥራው ተጠናቋል ብለን አስረከብን።

ስሕተታችንን የነገረን አንድ ማየት የተሳነው ተማሪ ነው። ይህ ተማሪ ኮምፒውተር የሚጠቀመው ስክሪን ሪደር በሚባለው፣ በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም አማካይነት ነበር። ከላይኛው ሣጥን ሲደርስ ፕሮግራሙ «የተማሪው ስልክ፣ የተጠሪው ስልክ» ሲል ሁለቱን መጠሪያዎች አከታትሎ አነበበለት። ከታችኛው ሣጥን ሲደርስ ግን «የጽሑፍ ሣጥን» ከማለት በቀር ምን እንደሚሞላበት አልነገረውም። ተማሪውም ግራ ተጋብቶ በላይኛው ሣጥን የአባቱን ስልክ ሞላ። የምዝገባ ማረጋገጫው መልእክት የሚላከው በላይኛው ሣጥን ወደ ተሞላው ቁጥር ስለነበር፣ መልእክቱ በገጠር ለሚኖሩት አባቱ ደረሰ፤ እርሱ ግን ያልተመዘገበ መስሎት ሁለት ቀን ሙሉ በየቢሮው ሲመላለስ ከረመ።

ጉዳዩን ስንመረምር ጥፋቱ ከአንድ ትንሽ ቃል ላይ ተገኘ። ላይኛውን ክፍል ስንቀዳ የሣጥኖቹን አይዲ አብረን ቀድተን ኖሮ በአንድ ገጽ ውስጥ አንድ ዓይነት መታወቂያ የያዙ ሁለት ሣጥኖች ተፈጥረዋል። በዓይን ለሚያይ ሰው ገጹ እንከን የለበትም። አይዲን ለመልክ ማሳመሪያ ብለን ስለተጠቀምንበት፣ መልኩ እስካማረ ድረስ ሌላ ሥራ ይኖረዋል ብለን አላሰብንም ነበር። በዚህ ጽሑፍ አይዲና ክላስ ለየትኛው ሥራ እንደተፈጠሩና አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም ምን እንደሚያስከትል እንመለከታለን።

ሁለቱ ስሞች ከየት መጡ?

አንድ ድረ ገጽ ቢያንስ ሁለት ነገሮችን ይዟል። አንደኛው ኤችቲኤምኤል በሚባለው ቋንቋ የሚጻፈው ይዘት ነው፤ ይህ አርዕስት ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ሥዕል ነው እያለ የገጹን አካላት ይዘረዝራል። ሁለተኛው እነዚህ አካላት በምን ቀለም፣ በምን መጠንና በየትኛው ቦታ እንደሚታዩ የሚደነግገው ሲኤስኤስ ነው። ሲኤስኤስን መጀመሪያ በሐሳብ ያቀረበው ኖርዌያዊው ሆከን ቪየም ሊ ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1994 ነበር። ቆይቶም ከሆላንዳዊው በርት ቦስ ጋር አብሮ አዳበረውና የመጀመሪያው ደንብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1996 ጸደቀ። ይዘትና መልክ እንዲህ በሁለት ሰነድ ከተለያዩ በኋላ ግን የመልኩ ደንብ ስለየትኛው የይዘት አካል እንደሚናገር የሚያመለክትበት ዘዴ ያስፈልገዋል። አይዲና ክላስ ለዚህ ዘዴ ከሚያገለግሉት ውስጥ ናቸው።

አይዲ ማለት መታወቂያ ነው። በዩኒቨርሲቲ ግቢ በር ላይ ከምናሳየው መታወቂያ ብዙም አይለይም፤ ቁጥሩ የአንድ ተማሪ ብቻ ነው፣ ሁለት ተማሪዎች ሊጋሩት አይፈቀድም። ክላስ ደግሞ በቋንቋችንም ክፍል ወይም ምድብ ነው። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የፊዚክስ ተማሪ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ የእግር ኳስ ቡድን አባል ሊሆን እንደሚችል ሁሉ፣ አንድ የገጽ አካልም የፈለገውን ያህል ክላስ ሊኖረው ይችላል። በሲኤስኤስ ውስጥ አይዲ በሃሽ ምልክት፣ ክላስ ደግሞ በነጥብ ይጠራሉ፦

#መግቢያ

.ማሳሰቢያ

የመጀመሪያው «መግቢያ የሚል መታወቂያ ያለው አካል» ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው «በማሳሰቢያ ምድብ ውስጥ ያሉ አካላት ሁሉ» ማለት ነው። ለጀማሪዎች የሚሰጠው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል፤ በገጹ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ለሚገኝ ነገር አይዲን፣ ለሚደጋገም ነገር ክላስን ተጠቀሙ ይባላል። ይህ ምክር ስሕተት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። ዛሬ አንድ ብቻ የሆነ ማሳሰቢያ ነገ ሁለት ሊሆን ይችላልና። በእኛም ቅጽ ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ የስልክ ሣጥኑ በመጀመሪያው ቀን አንድ ብቻ ነበር።

ብራውዘሩ ለምን ዝም አለ?

አንድ አይዲ ሁለት ጊዜ መጻፉ ደንብን መጣስ ከሆነ ብራውዘሩ ለምን አላስጠነቀቀንም? ብራውዘሮች ከጥንት ጀምሮ የተሳሳተ ኤችቲኤምኤልን በትዕግሥት ተቀብለው የተቻላቸውን ያህል እንዲያሳዩ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ስለሆነም የመልክ ደንቡን ሲያሰሉ መታወቂያው የተጻፈባቸውን አካላት ሁሉ፣ ሁለትም ይሁኑ አሥር፣ አንድ ዓይነት ቀለም ይቀቧቸዋል። የተደገመው አይዲ በመልክ ረገድ ልክ እንደ ክላስ ይሠራል ማለት ነው። ስሕተቱ ለዓመታት ሳይታወቅ የሚቆየውም ስለዚህ ነው።

ነገር ግን አይዲ ከመልክ ውጭ ሌሎች ኃላፊነቶች አሉት። የአንድ ሣጥን መጠሪያ ከሣጥኑ ጋር የሚተሳሰረው በሣጥኑ አይዲ ነው። በአድራሻ መጨረሻ ላይ ከሃሽ ምልክት ቀጥሎ የሚጻፈውና አንባቢውን በቀጥታ ወደ ገጹ መካከል የሚወስደው አገናኝ መድረሻውን የሚያውቀው በአይዲ ነው። ጃቫስክሪፕትም አንድን አካል ለይቶ ለመጥራት በአይዲ ይፈልጋል። በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ብራውዘሩ ከላይ ወደ ታች ሲፈልግ መጀመሪያ ያገኘውን ይወስድና ፍለጋውን ያቆማል፤ ሁለተኛው እንደሌለ ይቆጠራል። የተጠሪው ስልክ መጠሪያ ከራሱ ሣጥን ርቆ ወደ ተማሪው ሣጥን የሄደው በዚህ ምክንያት ነበር። ጤናማ ዓይን ያለው ሰው መጠሪያው የተጻፈበትን ቦታ አይቶ ይረዳዋል። በጆሮው የሚያነብ ሰው ግን ከዚህ ትስስር በቀር ሌላ ምንም ምልክት የለውም።

አንድ ወርቅና አሥራ ሁለት ሜዳሊያ

አይዲን ለመልክ መጠቀም የሚያመጣው ሌላም ጣጣ አለ፤ ይህኛው የሚያስቸግረው ገጹን የሚሠራውን ሰው ነው። ሁለት የሲኤስኤስ ደንቦች ስለ አንድ አካል እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ቢናገሩ፣ ለምሳሌ አንዱ ጥቁር ሌላው ቀይ ቢል፣ ብራውዘሩ የደንቦቹን ክብደት ይመዝናል። ሚዛኑ ሦስት ዓምዶች አሉት። በመጀመሪያው ዓምድ የአይዲዎች ቁጥር፣ በሁለተኛው የክላሶች ቁጥር፣ በሦስተኛው እንደ አርዕስትና አንቀጽ ያሉት የአካል ዓይነቶች ቁጥር ይሰፍራል።

ይህን ለመረዳት የኦሊምፒክን የሜዳሊያ ሠንጠረዥ ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ በደራርቱ ቱሉ፣ በኃይሌ ገብረሥላሴ፣ በሚሊዮን ወልዴና በገዛኸኝ አበራ 4 ወርቅ፣ በተጨማሪም 1 ብርና 3 ነሐስ፣ በድምሩ 8 ሜዳሊያ አገኘች። ብራዚል 6 ብርና 6 ነሐስ፣ በድምሩ 12 ሜዳሊያ ብታገኝም ወርቅ ስላልነበራት በሠንጠረዡ ከኢትዮጵያ በብዙ ደረጃ ዝቅ ብላ ተመዘገበች። ሞዛምቢክ ደግሞ ማሪያ ሙቶላ በ800 ሜትር ያገኘችው 1 ወርቅ ብቻ ነበራት፤ ሆኖም ይህ አንድ ሜዳሊያ ከብራዚል 12 ሜዳሊያዎች በላይ አዋላት። ወርቅ በወርቅ፣ ብር በብር፣ ነሐስ በነሐስ ይነጻጸራል እንጂ ብሮች ተደምረው ወርቅ አይሆኑም።

በሲኤስኤስም አይዲ ወርቅ፣ ክላስ ብር፣ የአካል ዓይነት ነሐስ ነው። «#ማሳሰቢያዎች በተባለው አካል ውስጥ ያሉ አንቀጾች ጥቁር ይሁኑ» ብለን ደነገግን እንበል። ይህ ደንብ አንድ ወርቅና አንድ ነሐስ አለው። ከወራት በኋላ «.አስቸኳይ የተባለ ሁሉ ቀይ ይሁን» የሚል ደንብ ጨመርን፤ ይህ አንድ ብር ብቻ አለው። አስቸኳዩ አንቀጽ በማሳሰቢያዎቹ ውስጥ ከሆነ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ክላሱን ሁለት፣ ሦስት፣ አሥር ብናደርገውም ያው ነው።

(በነገራችን ላይ አሥር ክላስ አይዲን አያሸንፍም፤ 256 ክላስ ግን ያሸነፈበት ጊዜ ነበር! እ.ኤ.አ. በ2012 እንደታየው አንዳንድ ብራውዘሮች የክላሶቹን ቁጥር የሚያስቀምጡት በ8 ቢት ቦታ ነበር። 8 ቢት ከ255 በላይ መቁጠር ስለማይችል 256ኛው ክላስ ሞልቶ ወደ አይዲው ዓምድ ይፈስስ ነበር። ይህ ቀርቷል። ሆኖም በሁለትዮሽ አቆጣጠር ትምህርት ላይ «ይህ ለምን ይጠቅመናል?» ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ የሚነገር ጥሩ ታሪክ ነው።)

በዚህ ችግር ውስጥ የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚወስደው እርምጃ ሁለት ነው፦ ወይ በአዲሱ ደንብ ላይም አይዲ ይጨምራል፣ ወይም በቃለ አጋኖ የሚጻፈውን ኢምፖርታንት የተባለውን ትእዛዝ ያስገባል። ይህ ትእዛዝ ከተለመደው ሚዛን ውጭ ደንቡን ከሁሉ በላይ ያደርገዋል። ነገር ግን የኢምፖርታንትን ደንብ ለመሻር ሌላ ኢምፖርታንት ያስፈልጋል፤ ለዚያም ሌላ። እንዲህ እየተደራረበ የሄደን ሰነድ ሌላ ሰው ሊረከበው ሲሞክር ያየን ሰዎች ነን፤ አንዲት ቀለም ለመቀየር ግማሽ ቀን ይፈጃል። በተቃራኒው ደንቦቹ ሁሉ በአንድ በአንድ ክላስ የተጻፉ ቢሆኑ ክብደታቸው እኩል ስለሚሆን በሰነዱ ውስጥ ኋላ የተጻፈው ያሸንፋል። ይህን ሕግ ማንም በቀላሉ ሊከተለው ይችላል።

አይዲ ከክላስ ይልቅ ፈጣን ነው የሚል ክርክርም ይሰማል። በዛሬዎቹ ብራውዘሮች ላይ ልዩነቱ በሰው ዘንድ የማይታወቅ ኢምንት ስለሆነ በዚህ ላይ አንዘገይም።

ልማዱ እንዴት ተለወጠ?

አይዲን ለመልክ መጠቀም የጀማሪዎች ስንፍና ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2003 ዴቭ ሼ የተባለው ካናዳዊ ሲኤስኤስ ዜን ጋርደን የተሰኘውን ገጽ ከፈተ። ይዘቱ አንድ ሆኖ ሳለ ማንም ሰው የራሱን ሲኤስኤስ ጽፎ ፍጹም ሌላ መልክ ሊሰጠው ይችል ነበር። በመላው ዓለም ብዙ ሰዎች ሲኤስኤስ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የተረዱት ከዚህ ገጽ ነው፤ የገጹ ዋና ዋና ክፍሎች ደግሞ የሚጠሩት በአይዲ ነበር። ገጹ አንድ ብቻ ስለሆነና ይዘቱም ስለማይለወጥ በዚያ ቦታ አይዲ አላስቸገረም። የእኛ የማስታወቂያ ገጾች ግን በየሳምንቱ ይለወጣሉ።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰነዶችን መርምሮ የክላስ ስሞችን ቆጥሮ ነበር። ቀዳሚ ሆኖ የተገኘው ፉተር፣ ማለትም የገጽ ግርጌ የሚለው ስም ሲሆን፣ ሜኑና ሄደር የመሳሰሉትም ከፊተኞቹ ተርታ ነበሩ። ከእነርሱም መካከል ማንም ሰው አስቦ ያልጻፈው፣ የማይክሮሶፍት ወርድ ፕሮግራም በራሱ የሚተወው ኤምኤስኦኖርማል የተባለ ስም ይገኝ ነበር። ሰዎች ሳይመካከሩ ለተመሳሳይ ነገር ተመሳሳይ ስም መስጠታቸው የሚያስገርም ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደቀው ኤችቲኤምኤል 5 ግርጌንና ራስጌን ራሳቸውን የቻሉ አካላት አድርጎ ስለተቀበላቸው፣ ለብዙዎቹ አይዲም ሆነ ክላስ ማውጣት አላስፈለገም።

እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ኒኮላስ ዛካስና ኒኮል ሱሊቫን ሲኤስኤስ ሊንት የተባለ መመርመሪያ አወጡ። ይህ ፕሮግራም በመልክ ደንብ ውስጥ አይዲ ባገኘ ቁጥር ያስጠነቅቃል። ሕጉ ሲወጣ አከራክሮ ነበር። በእኛ አስተያየት ሕጉ ለብዙ ሰዎች በጋራ ለሚሠራ ገጽ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው አይዲን ከኤችቲኤምኤሉም ጨርሰው ሲያስወግዱት ታይተዋል። ይህ ደግሞ መጠሪያን ከሣጥን የሚያስተሳስረውን ገመድ መበጠስ ነው።

አይዲው በኤችቲኤምኤሉ ውስጥ ኖሮ ክብደቱን ብቻ ለማቃለል ለሚፈልግም መንገድ አለ። አይዲውን በሃሽ ከመጥራት ይልቅ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ እንደ ተራ ባሕርይ ብንጠራው ክብደቱ ከአንድ ክላስ ጋር እኩል ይሆናል። ዌር የተባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሁሉ የሚሠራው ትእዛዝ በውስጡ የተጻፈውን ሁሉ ክብደቱን ዜሮ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ደንቦችን በድርብርብ ሌየር መመደብ ተችሏል፤ ከተለመደው ደንብ የላይኛው ሌየር፣ በውስጡ አንዲት ክላስ ብቻ ብትኖርም፣ የታችኛውን ሌየር አይዲ ይረታል።

ስሙን በአማርኛ ብናወጣውስ?

ከላይ በምሳሌዎቻችን የአማርኛ ስሞችን የተጠቀምነው ለማስረጃነት ብቻ አይደለም፤ በእርግጥ ይሠራሉ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ ለብራውዘሩ «.ማሳሰቢያ» እንደ ማንኛውም ስም ነው። ታሪኩ ግን አይዲና ክላስን በእኩል አላስተናገደም። ኤችቲኤምኤል 4 አይዲ በላቲን ፊደል እንዲጀምር ያስገድድ ነበር፤ በክላስ ላይ ግን እንዲህ ያለ ገደብ አልጣለም። በዚያን ዘመን የአማርኛ ቃል ክላስ ለመሆን ይችል ነበር፣ አይዲ ለመሆን ግን አይፈቀድለትም ማለት ነው። ገደቡን ያነሣው ኤችቲኤምኤል 5 ነው።

ዛሬም ቢሆን ሁለቱ እኩል አይመቹም። አይዲ በአድራሻ ውስጥ ስለሚገባ፣ አድራሻው ሲቀዳ እያንዳንዱ የአማርኛ ሆሄ በሦስት ባይት፣ እያንዳንዱም ባይት በሦስት ምልክት ሊተካ ይችላል። «መግቢያ» የሚለው ባለአራት ሆሄ ቃል በዚህ ስሌት 36 ምልክት ይሆናል። እንዲህ ያለውን አድራሻ በስልክ መልእክት የተቀበለ ሰው ሊጠራጠር ይችላል። ክላስ ግን ከሰነዱ ስለማይወጣ ይህ አይመለከተውም።

የፊደላችን ሌላ ጠባይም አለ። ለእኛ «ሥዕል» እና «ስዕል» ሲነበቡ አንድ ናቸው፤ ለብራውዘሩ ግን ሁለት የተለያዩ ክላሶች ናቸው። በኤችቲኤምኤሉ በንጉሡ ሠ፣ በሲኤስኤሱ በእሳቱ ሰ ቢጻፍ ደንቡ አይሠራም፤ የስሕተት መልእክትም አይመጣም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ እንዲሁም ጸና ፀ እንደዚሁ ናቸው። በቡድን የሚሠሩ ሰዎች አስቀድመው በአጻጻፍ መስማማት ይኖርባቸዋል። በክላስ ዝርዝር ውስጥ ባዶ ቦታ አንዱን ክላስ ከሌላው ስለሚለይ «ዋና ርዕስ» ብለን ብንጽፍ ዋና እና ርዕስ የተባሉ ሁለት ክላሶች ይሆናሉ። አባቶቻችን ቃላትን ይለዩበት የነበረው ሁለት ነጥብ ግን በኮምፒውተሩ ዘንድ ባዶ ቦታ አይደለም። ስለዚህ «ዋና፡ርዕስ» አንድ ሙሉ ክላስ ነው።

የክላስ ስም ከመልክ ይልቅ ከሥራ ቢወጣ ይመረጣል። «ቀይ» የተባለው ማሳሰቢያ በሚቀጥለው ዓመት አረንጓዴ እንዲሆን ቢወሰን፣ ቀይ የተባለ አረንጓዴ ይዘን እንቀራለን።

ወደ ቅጻችን ስንመለስ፣ ጥገናው አንድ ሰዓት አልፈጀም። ለአራቱም ሣጥኖች የጋራ የሆነ «መሙያ» የሚል ክላስ ሰጠን፤ ቀለሙም ስፋቱም ከዚያ እንዲመጣ አደረግን። አይዲዎቹን ደግሞ «የተማሪ-ስም»፣ «የተማሪ-ስልክ»፣ «የተጠሪ-ስም»፣ «የተጠሪ-ስልክ» ብለን ለየናቸው። በሲኤስኤሱ ውስጥ አንዳቸውም አልተጠሩም። ከዚያም ያንኑ ተማሪ ለምነን ቅጹን እንደገና እንዲሞላልን አደረግን። እያንዳንዱን ሣጥን ፕሮግራሙ በየስሙ ሲጠራለት ሰማን፤ ከላይ እስከ ታች ሳያቋርጥ ሞላው። ከመጨረሻው ሣጥን ቀጥሎ ያለው ቁልፍ ላይ ሲደርስ ግን ቆመና «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ቁልፍ ብቻ ነው የሚለኝ» አለን። የመላኪያውን ቁልፍ የሠራነው በቀስት ሥዕል ብቻ ነበር።